ጾሙ ነው አልኩ

ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። ከምዕራፎቹ ሁሉ የምወደው ሰው ሲያስብ የሚሳሳትበትን መንገድ የሚያሳየውን ነው። ምክንያቱን አልደብቅም፤ የሰው ስሕተት ማረም ከልጅነቴ ጀምሮ ደስ ይለኛል። እናቴ በሕይወት ሳለች «የዚች ልጅ ምላስ አያርፍም» ትል ነበር። እሷን እንኳ ማረም አልችልም፤ እውነቷን ነው።

ያን ምዕራፍ ሁልጊዜ የምጀምረው በሰኔ ሚካኤል ነው። «ለሰኔ ሚካኤል ዝናብ ይቀራል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አይቀርም» ይላል። እንግዲያው ወረቀት አውጡና ያልዘነበበትን ዓመት ጻፉ እላለሁ። አንድም የሚያስታውስ የለም። «ያልዘነበበት ዓመት የለም ማለት ነው ወይስ የቆጠረው የለም?» ስላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ። የዘነበ ቀን ሁላችንም «አላልኩም?» እንላለን። ያልዘነበ ቀን ግን ምንም የምንለው ስለሌለ ይረሳል። ይህን ስንት ዓመት አስተማርኩ።

ታላቅ ወንድሜ ትክል ድንጋይ አካባቢ ገበሬ ነው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው፤ አያ ነው የምለው። ደኅና ነህ ወይ ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ሸጋ ነኝ»። በሬው በሞተበት ሰሞን ሸጋ ነበር፤ በረዶ ባቄላውን የመታው ጊዜም ሸጋ ነበር። ከእሱ አፍ አመመኝ የሚል ቃል መስማት ዘበት ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሁዳዴ ሲጋመስ፣ የጾም ምስር ይዞልኝ አራዳ ካለው ቤቴ መጣ። በሩን ስከፍትለት ጉንጩ ገብቷል፤ ኮቱ የሌላ ሰው ይመስላል። ቀበቶውን በምስማር በስቶ ሁለት አዲስ ቀዳዳ አውጥቶለታል።

«አያ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ?» አልኩት።

«ጾም አይደል? ሸጋ ነኝ።»

እሱ ሁዳዴን የሚጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምስ ነው። ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ጉዱ ሁሉ የመጣው ከዚያ «ገባኝ» ካልኩት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ ጆግ ውሃ ብቻውን ጨረሰ፤ ቀኑን ሙሉ ሳይጠጣ የዋለ ሰው ይጠማዋል አልኩ። እንደበላ በተቀመጠበት አንቀላፋ፤ ጾም ያደክማል አልኩ። ሌሊት ደጋግሞ ሲወጣ ሰማሁት፤ ያን ሁሉ ውሃ ጠጥቶ ላይወጣ ኖሯል እንዴ አልኩ። ግራ እግሩ ላይ ጫማ የላጠው ቁስል ነበር። ከጥምቀት ጀምሮ አልድን አለኝ ሲለኝ፣ ሥጋና ወተት ያላገኘ ገላ በምን ይጠግን አልኩ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ፤ መልሱም አንድ ነበር።

የግቢያችን አሮጊት «ወንድምሽን ሐኪም አያየውም ወይ?» ብለውኝ ነበር። ጾመኛ መሆኑን አስረዳኋቸው። አስረዳኋቸው ስል አፋቸውን አስያዝኳቸው ማለቴ ነው።

በማግሥቱ ሊሄድ ሲነሣ እየሳቀ አንድ ወሬ ነገረኝ። «አንች፣ ጉንዳን ወዶኛል» አለኝ። «ከአጥሩ ሥር ሽንቴን በሸናሁበት ቦታ ሁሉ ይሰፍርበታል። ሚስቴማ ሠርግ ጠርተሃቸዋል ወይ ትለኛለች።» እኔም ከልቤ ሳቅሁ። ጾም ሽንት ላይ ጉንዳን እንደማይሰበስብ ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። ያልዘነበበት ሰኔ ሚካኤል ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር፤ ሳቅሁና አሳለፍኩት።

አንጀቴ ግን አላስችል አለኝና አንድ ትልቅ ጣሳ ማር ገዝቼ አስያዝኩት። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ በውሃ በጥብጠህ ጠጣ፤ ፋሲካ እስኪደርስ አቅም ይሆንሃል። ከፋሲካ በኋላማ ትለመልማለህ» አልኩት። መረቀኝ። እሱ የእኔን ቃል መሬት አይጥልም፤ አንድም ቀን ሳያጓድል ጠጣው።

በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት ሚስቱ ደወለች። «ወንድምሽ ሰው መለየት አቃተው፤ እግሩም ጠቁሯል» አለችኝ። ጎንደር ሆስፒታል ሲያደርሱት በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ ወንድሜ መናገር ስላልቻለ እኔን ጠየቀኝ። ውሃ ያበዛ ነበር? አዎ። ከስቶ ነበር? አዎ። ሽንት ይመላለስበት ነበር? አዎ። ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቅ ሳላውቅ «ጉንዳንም ይሰበሰብበት ነበር» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ።

«ይህን ሁሉ እያያችሁ እስካሁን ምን ትጠብቁ ነበር?» አለ።

ፋሲካን፣ ልለው አልቻልኩም። ምን እንደማስተምርም አልነገርኩትም።

በሽታው ስኳር ነበር። ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ እግሩ ግን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ። የዚያን ክረምት መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል ሰጠው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ሰው ሲያርስለት አይቶ አያውቅም። እኔም ክፍል ገብቼ ሰኔ ሚካኤልን ማንሣት አቃተኝ። ስሕተቱን በስሙ ጠርቼ ማወቄ ከስሕተቱ አላዳነኝም። እንዲያውም የማውቅ መስሎኝ ራሴን አልጠረጠርኩም፤ በራሴ እስከ ዛሬ የምናደደው በዚህ ነው።

በመስከረም ልጠይቀው ሄድኩ። ደጁ ላይ ሁለት ጎረቤቶቹን ይዞ ተቀምጧል። ገና ሲያየኝ «እችውላችሁ እህቴ!» አላቸው። «እሷ የሰጠችኝ ማር ባይኖር ሆስፒታል ሳልደርስ ነበር የምሞት።» ሰዎቹ ተነሥተው መረቁኝ። ማር ጠጣ፣ ተረፈ፣ ስለዚህ ያተረፈው ማሩ ነው። ተማሪ ቢጽፍልኝ በቀይ የማሰምርበት ነው። ዝም ብል ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ማር አዳነኝ ብሎ የሚያምን ሰው ነገም ማር ይጠጣል፤ የቀረው ደግሞ አንድ እግር ነው።

ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠበቅሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አያ፣ ማሩ አላዳነህም፤ ማሩ ነው ያባሰብህ። ሐኪም ይይህ ማለት ሲገባኝ ጾሙ ነው እያልኩ ያንን አሸክሜ የሰደድኩህ እኔ ነኝ» አልኩት። እንባዬ ቀደመኝ።

ከዘራውን ከጉልበቱ አንሥቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ሐኪሙ ያኔውኑ ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልቀመስኩም።»

«ታዲያ ምነው ለሰው ሁሉ አዳነችኝ ትላለህ?»

«ጣሳውን ተሸክሜ ስገባ ያላየኝ የለም። እህቱ በሰጠችው ማር ነው እግሩን ያጣው ማለት ጀምረው ነበር። እኔ ቀድሜ አዳነችኝ ስል ተዉት።» ከዘራውን መልሶ አነሣ። «ሰው ማረም እንደምትወጂ አውቃለሁ። ይችን ግን እንዳታርሚብኝ።»

ትክል ድንጋይ በሄድኩ ቁጥር እነዚያ ጎረቤቶች ዛሬም ይመርቁኛል። አሜን እላለሁ።