የግሎሪያ ቫን እጅጌ

መምህርት አልማ ሩድ በስቶን ሌክ ትምህርት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታስተምር፣ ከማንም ጋር ክፉ ደግ ተነጋግራ አታውቅም። በዕድሜዋ አንድ ነገር ብቻ ደፍራ ነበር።

ተዋናይት ለመሆን በየሲኒማ ስቱዲዮው ደጅ እየጠናች ሁልጊዜ የምትዋረደውን ሎቲን የሚያሳይ አስቂኝ የሥዕል መጽሔት ነበር። አንባቢዎች ለሎቲ ልብስ ነድፈው ይልካሉ፤ ሠዓሊው የመረጠውን ያለብሳታል፤ ከሥሩም የላኪው ስምና ከተማ ይታተማል። አልማ አንድ የራት ቀሚስ ነድፋ ላከች። ስሟን «ግሎሪያ ቫን» ብላ ቀየረች፤ ከተማዋን ግን እጇ እንደለመደው በትክክል ጻፈች። ቀሚሱም ተመርጦ ታተመ።

በዚያው ጸደይ የከተማው ወላጆች፣ እነዚህ መጽሔቶች ልጆችን ያባልጋሉ ብለው ሰብስበው ሊያቃጥሉ ተስማሙ። የሥራ ውሏ በወሩ መጨረሻ የሚታደሰው አልማም እንድታግዝ ታዘዘች። ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ከክምሩ ፊት ስትቀመጥ፣ ቀሚሷ የታተመበትን እትም ከላይ አየችው። ልትሸሽገው እጇን ስትሰድድ፣ የወላጆቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሄግስታድ ቀደሟት።

«ቲልዳ፣ ነይ ጉድ እዪ! ግሎሪያ ቫን፣ ስቶን ሌክ፣ ይላል!»

የፓስተሩ ባለቤት ቲልዳ ብስኩቷን እያላመጠች ተጠጋች። «ቫን? ደግሞ እዚህ ቫን የሚባል ማን አለ? እነዚያ ወተት ፋብሪካው የመጡት አዲሶቹ ይሆኑ?»

«ማንም ትሁን አላጣትም። ልጆቻችን አጠገብ የምትውል ከሆነችማ፣ ወዮላት!»

አልማ አቀርቅራ መጽሔቶቹን መደርደሯን ቀጠለች። ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ትንሽ ብትታገሥ ገጹ ይገለጥና ያልፋል።

ቲልዳ ግን ሳቀች። «ኧረ እጅጌውን እዪልኝ! የበግ ጭን እኮ ነው! ይቺ ሴትዮ በሕይወቷ መርፌ ይዛ አታውቅም።»

«እጅጌው እንዲህ አልነበረም» አለች አልማ።

ድምፁ የራሷ መሆኑን ያወቀችው ሁለቱም ዘወር ሲሉባት ነው።

«ምን አልሽ፣ መምህርት?» አሉ ወይዘሮ ሄግስታድ።

«ሠዓሊው ነው ያበላሸው። እኔ... እስከ ክርን ጠባብ አድርጌ ነበር የላክሁት።»

ቲልዳ ብስኩቷን አስቀመጠች። ወይዘሮ ሄግስታድ የስም መዝገባቸውን ገልብጠው፣ ባዶውን ገጽ ከነእርሳሱ ወደ አልማ ገፉት።

«እንዴት እንደነበር ሣዪው እስቲ።»

ለማየት ጓጉተው ይሁን ለማስረጃ ፈልገው ከፊታቸው ልታነብ አልቻለችም። እምቢ ማለት ይቻል ነበር። አልማ እርሳሱን አነሣች፤ ከትከሻው ጀምራ እስከ ክርን ጠባብ አድርጋ ሣለችው።

ወይዘሮ ሄግስታድ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።