ወለሉን በተረከዜ መታሁት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፣ ለሸኽ አልነገርኩም፤ ወንድሜ ለሐጅ ሲነሣ በደላችንን ልንተው አፉ ስንባባል እንኳ ዋጥኩት። አሁን የማላውቃችሁ ሰዎች ስሙኝ። ስትሰሙ ግን "ምስኪን ሽማግሌ" እንዳትሉኝ። ምስኪን አይደለሁም። ያደረግኩትን አውቄ ነው ያደረግኩት።

ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በሽመና ማሽን ላይ ነው ያረጀሁት። እዚያ ቤት ሰው በአፍ አይጠራም፤ ጩኸቱ አያስጠራም። በከንፈርና በእጅ እንግባባለን። ጀርባውን የሰጠህን ጓደኛ ስትፈልግ የቆመበትን ጣውላ በእግርህ ትመታዋለህ። ንዝረቱ እግሩ ሲገባ ዞር ይላል። እኔም ስንቱን ጠርቼበታለሁ!

ልጃችን ሰዓዳ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ሚስቴ ዘሃራ ነቃችበት። "ነጎድጓድ አይቀሰቅሳትም" አለችኝ። "መስጊዱ ካጥራችን ማዶ ነው፣ አዛኑ አያባንናትም።" እኔ ሳቅኩ። "እማ እንኳ አትልም" ብትለኝ፣ "እኔም አፌን የፈታሁት ዘግይቼ ነው" አልኩ። ከማን ሰምቼ? ከማንም። ከሥራ ስገባ ልጅቱ ፊቴን እያየች ትስቃለች፣ ነይ ስላት ትመጣለች። የማሽን ቤት ልማድ ይዞኝ እቤትም ሳወራ የሚያወራው እጄና ፊቴ ነበር፤ እሷም የምታነበው እሱን ነበር። ጀርባዋን ስትሰጠኝ ግን ብጮህም ለሷ የለሁም።

አንድ ጁምዓ ዘሃራ "ደሴ ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት" አለች። ታላቅ እህቴ ፋጡማ ቤታችን ነበረች። "የኛ ዘር ደንቆሮ አያውቅም! ከኩታበር ይዘሽው መጥተሽ እንደሆን እንጃ" አለቻት። ዘሃራ የኩታበር ልጅ ናት።

"እትዬ፣ ዘር ቆጠራውን ይተዉትና ከኋላዋ ሆነው ይጥሯት" አለች ዘሃራ።

ፋጡማ ጠራቻት። ልጅቱ ከምትደረድራቸው ቆርኪዎች ቀና አላለችም። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ምን አደረግኩ? ተነሣሁ። ከኋላዋ ቆምኩ። የቤታችን ወለል ጣውላ ነበር። "ሰዓዳ!" አልኩና በዚያው ቅጽበት ወለሉን በተረከዜ መታሁት። ዞር ብላ ሳቀችልኝ።

"ይኸው! አባቷን ትሰማለች" አልኩ።

"ወላሂ ሰማች!" ብላ ፋጡማ እልል አለች። ዘሃራ ልጇን አንሥታ ጆሮዋን ሳመቻት። ጆሮዋን! "አላህ ይማረኝ፣ በልጄ አሟረትኩ" አለች። ከዚያ ወዲያ ሐኪም የሚባል አላነሣችም። ልጅቱ ስትጠራ ካልመጣች እምቢተኛ ሆነች ብላ ትቆነጥጣት ጀመር። ያን ቁንጥጫ የቆነጠጥኩት እኔ ነኝ።

እግሬ የመታው ሳላስበው ነው? አይደለም። የእህቴን አፍ ፈራሁ። ፋብሪካው በር ላይ "የደንቆሮዋ አባት" መባልን ፈራሁ። ስለዚህ ወለሉን መታሁት።

ሰባት ዓመቷ ላይ አስተማሪዋ "አስመርምሯት" ብላ ስትልክብን ደሴ ወሰድናት። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ጊዜ ወስዶ መረመራት። "ቀድማችሁም ብትመጡ ጆሮዋን መመለሱን እንጃ" አለ። "ግን በሁለት በሦስት ዓመቷ ብትመጡ ኖሮ የእጅ ቋንቋውን አብራችኋት ትለምዱ ነበር። ልጅ ቋንቋ የሚገባው ያኔ ነው። ለምን ዘገያችሁ?"

"እኔ ነኝ" አለች ዘሃራ። "ልቤ ነግሮኝ ነበር፣ ተውኩት።"

አጠገቧ ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ሰዓዳ የእጅ ቋንቋውንም ንባቡንም ተማረች፤ የእጁን እናቷ ከሷ ተማረች፣ እኔም እያየሁ ለመድኩት። ዛሬ ልብስ ሰፊ ናት፣ የልጆች እናት ናት። ታዲያ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፣ ለበጎ ነው ልትሉኝ ነው? አትበሉኝ! ጆሮዋ የአላህ ሥራ ነው፤ አራቱ ዓመት ግን የኔ ሥራ ነው። ሲያማት የት እንዳመማት፣ ስትፈራ ምን እንዳስፈራት መናገሪያ ያጣችው በኔ ነው። ያኔ ሰው አያውቅም ነበርም አትበሉ። ዘሃራ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ አወቀች። እኔም አወቅኩ። እሷ ልታድናት አወቀች፣ እኔ ልሸፍናት አወቅኩ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤታችን ሕፃኗን አቅፋ መጣች። ከኋላው ሲያጨበጭቡ አይዞርም አለች። ዘሃራ እጇን ጨብጣ፣ "ልጄ፣ ነገ አትበዪ፣ ዛሬውኑ ውሰጅው። እኔ አዘግይቼ የራሴን ልጅ ጎድቻለሁ" አለቻት። ይህን ማለት ከጀመረች ስንት ዓመቷ ነው! እኔም እንደ ልማዴ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ወረቀት ገዝቼ ይህን ጻፍኩ።

ይህን ለሰዓዳ እሰጣታለሁ። እሷ አንብባ ለእናቷ በእጇ ትነግራታለች። እኔ ፊት ለፊታቸው እቀመጣለሁ፤ እጇ ከየትኛው ቃል ላይ እንደደረሰ አያለሁ። አፉ በሉኝ አልልም። አፉ ቢሉኝ የነሱ ደግነት ነው፣ ጥፋቴን አያሳንሰውም። ውጣ ቢሉኝም ጫማዬን አጥልቄ እወጣለሁ።

ዘሃራ፣ አንቺ አላዘገየሻትም። እኔ ነኝ።