የሰንበቴ ቆላው ጨው ማጣሪያና የከብቱ ገንዳ

ጠዋት፣ ከደሴ

ከደሴ የተነሣሁት እህቴ ዘይነባ ደውላ «አያ ሰዒድ፣ መሣሪያውን ሳታይልኝ ጓዜን አልጭንም» ስላለችኝ ነው። ከሰንበቴ በታች ባለው መንደሯ የጉድጓዱ ውሃ ጨዋማ ነው። ዘንድሮ በፀሐይ ኃይል ውሃ ስቦ ጨዉን የሚያጣራ መሣሪያ ተተከለላቸው። ብዙም ሳይቆይ ከብቱን ተቅማጥ ያዘው፤ ሰዉም በተጣራው ውሃ አሳበበ። ዘይነባ ያላት አንዲት ላም ናት። እሷ ከሞተችባት ቤቷን ዘግታ ከሚሴ የቀን ሥራ ልትገባ ነው። እኔ የናፍጣ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ፤ ያለ ነዳጅ ውሃ እንስባለን የሚሉትን ድሮም አላምናቸውም።

መንገድ ላይ

የሚኒባሱ ረዳት ለመፍቻ ሳጥኔ ትርፍ ሒሳብ ጠየቀኝ። ተጨቃጭቀን ሳጥኔን ጭኔ ላይ አቅፌ ተጓዝኩ። ከሚሴ ወርጄ ፓፓያ በላሁና ሌላ ሚኒባስ ያዝኩ። ጨፋ ሜዳ ረግረጉ ላይ ከብቱ እስከ ሆዱ ሣር ውስጥ ገብቶ ይግጣል። እዚህ ይህ ሁሉ ውሃ ተኝቶ እታች ሰው ጨው መጠጣቱ አናደደኝ። ከሰንበቴ ወዲያ በባጃጅ አቧራ እየቃምኩ ወረድኩ።

መንደሩ

ላሟ ጥላ ሥር ተኝታለች፤ ጎኗ ገብቷል። ዘይነባ አጠገቧ ቁጭ ብላለች።

ማጣሪያውን የምትጠብቀው ሉባባ በጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ። ውሃው ጣፋጭ ነው። ይኼኔ ይበልጥ ጠረጠርኩ።

«በቦቴ እያመጣችሁ የምትሞሉት እንዳይሆን» አልኳት።

«ወላሂ፣ በዚህ መንገድ ቦቴ ከገባ እኔም ልየው» አለች።

ሸራ አስመጥቼ የፀሐይ ሰሌዳዎቹን አለበስኳቸው። ውሃው እየቀጠነ ሄዶ ቆመ፤ ሸራውን ስገፈው ተመለሰ። እሺ፣ ጨው ለመለየት የሚበቃ ጉልበት ከየት መጣ? ሉባባ ነገረችኝ፦ ጨዉን ይዞ የሚወጣው ውሃ ግፊቱን ለሚገባው ውሃ አስረክቦ ነው የሚወጣው፤ ጉልበት አይባክንም።

«ወጥቶስ የት ይሄዳል?»

ጣሳዋን ይዛ ዞር አለች። ነገር አለ ብዬ ቧንቧውን ተከተልኩ። የሚያበቃው የከብት ገንዳ ውስጥ ነው፤ ከብቱም ተጋፍቶ ይጠጣል። ጣቴን ነክሬ ብቀምሰው ምላሴን አቃጠለኝ።

የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ኑሩ መጡ። «አካም ጂርታ፣ ልጄ» ብለው ጨበጡኝ።

«ቧንቧውን እዚህ ያስገባው ማነው?»

«እኛ ነን። መሣሪያውን የተከሉት ሰዎች ርቆ ወደተቆፈረ ጉድጓድ ሊደፉት ነበር። ሆራ እንዴት ይደፋል? ከብት ያለ ሆራ አይፋፋም።»

ሆራ ማለት ከብቱን አልፎ አልፎ ነድተው የሚያጠጡት ጨዋማ ምንጭ ነው፤ ከማጣሪያው የሚወጣውንም እንደ ሆራ ቆጥረውታል። ሉባባ «ቧንቧውን አትንኩ ተብለን ነበር፤ ሽማግሌ ፊት ምን ልበል?» አለችኝ።

«ሼህ፣ ሆራ በየቀኑ ታጠጣላችሁ?»

«በየቀኑማ ማን ያጠጣል? ይገድላል እንጂ...» አሉና ገንዳውን አዩ። «አስተግፊሩላህ።»

ቧንቧውን ፈትቼ ወደ ጉድጓዱ መለስኩት። ገንዳውን አጥበው የተጣራውን ሞሉበት።

«እንግዲህ ልቀመጥ ወይስ ልሂድ?» አለችኝ ዘይነባ።

መፍቻዬን ወደ ሳጥኑ መለስኩ። ተቀመጪ ብያት ላሟ ብትሞትስ? «ትንሽ ጠብቂ» ብያት ተለየኋት፤ በፍርሃቴ አፈርኩ።

ደሴ

ቤቴ ገብቼም ስልኬን ከእጄ አላወጣሁም። መሣሪያ ስጠረጥር የኖርኩት የሚሰጠውን ብቻ እያየሁ ነው። ከእንግዲህ የሚጥለው የት እንደሚገባም እጠይቃለሁ።

ዘይነባ ደወለች። «አልሃምዱሊላህ፣ ላሟ ተነሥታ ሣር እየጋጠች ነው። እንግዲህስ?» አለችኝ። ምን እንደምትጠብቅ ገባኝ።

«ተቀመጪ፤ ጓዝሽን አትጫኚ» አልኳት።