ጌታ ሰጠኝ ያልኩት ዜማ

መምህሩ ወደ እንጨት ሥራ ቤቴ የመጣው ሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። ከሌላ አገር ተመድቦ እዚሁ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ አንገቱን ደፋ ያደረገ ጨዋ ሰው ነው። ወንበር ሊያሠራ መስሎኝ ሜትሬን አነሣሁ። እሱ ግን ሞባይሉን አወጣና፣ «ጋሼ፣ አንድ የድሮ ዘፈን ላሰማዎት። ማን እንደ ደረሰው፣ እነማን እንደ ተጫወቱት እየፈለግሁ ነው» አለኝ።

ከፈተው።

ከካሴት የተቀዳ ነው፣ ይንሿሿል። መጀመሪያ ከበሮ አራት ጊዜ ይመታል። ያን ከበሮ የመታሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ጊታሩ እንደ መጋዝ እየጮኸ ይገባል።

ጎረቤቴ ለበሯ ማጠፊያ ልትወስድ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆችም የቀበረች ሴት ናት፤ ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ነው። ዘፈኑን ሰምታ በአፍንጫዋ ማንጎራጎር ጀመረች። «ይሄን ነገር የት ነው የማውቀው?» አለች። ሥራ የያዝኩ ለመምሰል ያነሣሁትን መሮ ጣቴ ላይ ሰደድኩት። ደሜን እያየሁ ለመምህሩ፣ አላውቀውም፣ ሰምቼውም አላውቅ አልኩት።

የማላውቀው እንዴት ነው። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ አራት ጎረምሶች ነበርን። አንዱ ጓደኛችን ፈረንጅ አስተማሪ ጥሎት በሄደ ጊታር ራሱን አስተማረ። ግጥሙንም ዜማውንም የደረሰው እሱ ነው፤ በጭነት መኪና ተጭና በዲምቱ መንገድ ስለሄደችበት ልጅ ነው። እኔ የድምፅ ማጉያውን ሣጥን ሠራሁ፣ ከበሮም መታሁ። በገበያ ቀን ቡና ቤት ውስጥ እንጫወት ነበር። እኛ ሮክ እንለዋለን፣ አባቶቻችን እብደት ይሉታል። ዘፋኛችንና ሌላው ጓደኛችን ሞተዋል። የቀረነው እኔና ደራሲው ነን።

በኋላ እኔ ጌታን ተቀበልኩ። ከበሮውን ተውኩ። ቤተ ክርስቲያን የተዘጋበት ጊዜ ነበር፤ በየቤቱ ተደብቀን ነው የምንጸልየው። አንድ ወንድማችን ሞተና ቀብሩ ላይ የሚዘመር አጣን። እኔ ከዚያ ዘፈን ሌላ ዜማ አላውቅም። ቀስ አደረግሁት፣ በወላይትኛ «ወደ ቤቱ ሄደ» የሚል ቃል ከተትኩበት። ሰው ሁሉ አለቀሰ። አንድ ሽማግሌ ከየት አመጣኸው አለኝ። እኛ ዘንድ አዲስ መዝሙር ይዞ የመጣ ሰው ጌታ ሰጠኝ ነው የሚለው። እኔም አልኩት። በጸሎት ላይ ሳለሁ ጌታ ሰጠኝ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለዚያ መዝሙር ሬሳ አይወጣም። ሚስቴን የሸኘናት በእሱ ነው። እኔንም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አደረጉኝ፤ መዝሙር የተሰጠው ሰው እያሉ።

መምህሩ ሲሄድ፣ ሁምቦ ውስጥ ጊታር ይመታ የነበረ ሰው አለ ብለውኛል፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ አለ። ያን ቀን ራት አልበላሁም፣ በማግስቱም ምሳ። ሽማግሌነቱ ቢቀርብኝ ይቅር። የፈራሁት ሌላ ነው። ሰው ላይ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ይሄ ግን በእግዚአብሔር ስም የተዋሸ ነው፣ በስንቱ ሬሳ ላይ። እኔም ሞቼ ሬሳዬ መሀል ተቀምጦ፣ ዘማሪዎቹ እርስ በርስ እየተያዩ ዝም ሲሉ ይታየኝ ጀመር።

ረቡዕ በሚኒባስ ሁምቦ ወረድኩ፣ ከዚያ በጋሪ። ጓደኛዬን ካየሁት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ኮረብታው ሥር፣ ራሱ በተከለው ዛፍ ጥላ ተቀምጦ ፍየል ይጠብቃል። ጉልበቱን ያመዋል፣ አልተነሣም።

«መጣህ?» አለኝ። «ጌታ ሰጠኝ አልክ አሉ። እኔ ነኝ እንዴ ጌታ? ታዲያ ጌታህ ጉልበቱን ታሟል፣ ጸልይለት።»

ከሠላሳ ዓመት በላይ ያውቅ ነበር። እናቱ ስትሞት ዘማሪዎቹ መጥተው የራሱን ዘፈን በራሱ እናት ላይ ዘመሩበት። ያኔ ምን አልክ አልኩት። አለቀስኩ አለኝ፣ ምን እላለሁ፣ አሳምረው ነው የዘመሩት።

የተቀቀለ ቦይና፣ ጎደሬ ማለት ነው፣ ከቃሪያ በተፈጨ ዳታ አቀረበልኝ። መምህሩ ቅዳሜ ሲመጣ አላውቅም በለው ብዬ ለመንኩት። ሰው ለምኜ አላውቅም፣ ያን ቀን ለመንኩ።

«አንተን ብዬ አልዋሽም» አለ። «አንድ ነገር ነው የሠራሁት በዕድሜዬ። አንድ። እሱንም ለሰማይ ሰጠህብኝ።»

ስነሣ፣ ከመምህሩ አፍ ከሚሰሙት ከአንተ ይስሙት አለኝ።

ዓርብ የጾም ጸሎት አለን፣ በቀን ነው። ምስክርነት ያለው ሰው ሲባል ተነሣሁ። ከፊቴ ያለውን ወንበር ያዝኩ፣ እኔ የሠራሁት ወንበር ነው። ወደ ሕዝቡ ሳልዞር ተናገርኩ። መዝሙሩ የተሰጠኝ አይደለም፣ ከቡና ቤት ነው ያመጣሁት፣ ደራሲው ሁምቦ አለ፣ ዋሽቻለሁ አልኩ። አሜን የሚል አልነበረም። ወንጌላዊው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ሽማግሌዎቹ ወዲያው ተሰብስበው ከአገልግሎት አገዱኝ። መዝሙሩን ግን ምን እንደሚያደርጉት ሳይወስኑ ተነሡ።

የነገርኩት እንዲቀለኝ ነበር። አልቀለለኝም። ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ሁለት ልጆቼን በምን እንደቀበርኳቸው አሁን ትነግረኛለህ?» አለች። «ስታረጅ ነው እውነት ትዝ ያለህ? ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

እኅቴ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ሰኞ ሳትወስደው የቀረችውን ማጠፊያ አንሥታ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ደወለ። መምህሩ መጥቶ ስሙን ጽፎ፣ ፎቶ አንሥቶት ሄዷል። ድምፁ እንደ ልጅ ሆኗል። «ከበሮውን ማን መታ ቢለኝ አንተን ነገርኩት» አለ። «ደግ አደረግህ» አልኩት።

ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን አንድ አዛውንት አረፉ። ሣጥኑን እኔ ነኝ የሠራሁት። ድንኳኑ ውስጥ ሳልገባ አጥሩ ጋ ቆምኩ። ሬሳው ሊነሣ ሲል ዘማሪዎቹ ተሰለፉ፣ መሪዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሌላ መዝሙር ጀመሩ። ደህና መዝሙር ነው፣ ግን ሕዝቡ ቃሉን አያውቀውም፤ እነሱ ብቻቸውን ዘመሩ።

ጎረቤቴ ከሴቶቹ መሀል ነበረች። አፏን ገጥማ፣ ዞር ብላ አየችኝ። እስኪጨርሱ ድረስ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም።