አፕዴት የማይደርሰው አዲስ ስልክ

«እህቴ፣ ካሜራውን እዪው እንጂ አፕዴት ምን ያደርግልሻል?» አለኝ ዛሬ ጋምቤላ መሃል ከተማ ያለ ስልክ ሻጭ።

ሴቲንጉን ከፍቼ አሳየሁት። ከካርቶን ገና የወጣው ስልክ የመጨረሻ አፕዴቱ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። «ቀስ ብሎ ይመጣል» አለኝ። በባሮ ወንዝ በጀልባ ነው መሰለኝ የሚልኩት።

ነርስ ነኝ፤ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ እሠራለሁ። የድሮው ስልኬም አፕዴት አጥቶ፣ ባለፈው ወር የክትባት መመዝገቢያው አፕ አልከፈት አለኝ። እናቶች ልጅ ታቅፈው ፀሐይ ላይ ተሰልፈው፣ እኔ ወረቀት ፍለጋ ስሮጥ ዋልኩ።

ይህን ስነግረው ሳቀ። «ታዲያ ለጋምቤላ ይሄ መች አነሰ?»

ስልክ በጣም ቢቸግረኝም ካርቶኑ ውስጥ መልሼው ወጣሁ። ያንኑ ስልክ ሊገዛ አጠገቤ ቆሞ የነበረ አንድ መምህርም ተከትሎኝ ወጣ።

እናንተስ «ለእናንተ ይሄ ይበቃል» ተብላችሁ ምን ተሸጠላችሁ?