በባለ ሁለት መቀመጫ ብስክሌት ብቻዬን እስከ አዋሽ

የዕረፍት ቀኔ ማክሰኞ ነው። ቡራዩ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ስለሆንኩ ቅዳሜና እሁድን ለሌላው ሰው ትቼዋለሁ። ባለፈው ኅዳር በአንዱ ማክሰኞ ማለዳ የውሃ ኮዳዬንና የጎማ መንፊያዬን በቦርሳ ይዤ ከቤት ወጣሁ። ሐሳቤ ከሰበታ ተነስቼ፣ በዓለም ገና በኩል እስከ አዋሽ ወንዝ፣ መልካ ቁንጡሬ ድረስ በብስክሌት ሄጄ ሳይመሽ መመለስ ነበር። መንገዱን ለዓመታት ተመላልሼበታለሁ። ብቻዬን ስሄድ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የጉዞዬም ምክንያት ይኸው ነበር፤ ብቻዬን መሄድ እችል እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ።

ብስክሌቷ ያለችው ሰበታ፣ ተሾመ ቤት ነው። ተሾመ ጓደኛዬ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም፤ ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ሰበታ አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ብስክሌቷ ባለ ሁለት መቀመጫ ናት። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ላይ አዋጥተን ገዛናትና "መንታ" የሚል ስም አወጣንላት። እኔ ከፊት ሆኜ መሪና ፍሬን እይዛለሁ፣ እሱ ከኋላ ሆኖ ፔዳል ይመታል። እውነቱን ለመናገር ጉልበቱ ከእኔ ይበልጥ ነበር። አምና ግን ልቡን አመመውና ሐኪሙ በእግርህ መሄድ ትችላለህ፣ ፔዳል መምታት ግን ይቅርብህ አለው።

ያኔ አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ የምነዳው እኔ ነኝ አልኩት። ደጋግሜ አልኩት።

"እኔ ማዳበሪያ ነኝ እንዴ የምትጭነኝ?" አለኝ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ፤ መንታም የተሾመን ጓዳ ግድግዳ ተደግፋ ከረመች።

ሰበታ፣ ጠዋት

ከቡራዩ ሰበታ ለመድረስ ታክሲ መቀያየር ግድ ነው። አየር ጤና ላይ ረዳቱ አንድ ሰው ብቻ እያለ አራት ሰው ጨመረብንና ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ ሰበታ ገባሁ። የፋብሪካ ሠራተኞች ምሳቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ወደ ፈረቃቸው ይሮጡ ነበር።

ተሾመ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። መንታን ወልውሎ፣ ካቴናዋን ዘይት ቀብቶ፣ ጎማዋን በእጁ እየደባበሰ ነፍቶ አውጥቷታል። የኋላውን ወንበር እንዳይንቀጫቀጭ አጥብቄዋለሁ አለኝ። ማንም የማይቀመጥበትን ወንበር ለምን እንዳጠበቀው አልጠየቅሁትም።

"ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም" ሲል ቀለደብኝ። "በል ሂድ ቅደም። ስትመለስ ያየኸውን ትነግረኛለህ።"

መታጠፊያው ጋ ደርሼ ዞር ስል፣ ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ እዚያው ቆሟል። የካቴናዋ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ እንደማይገባ አውቃለሁ።

ከዓለም ገና ወደ ደቡብ

ዓለም ገና አደባባይ ላይ የተሰለፉ የባጃጅ ልጆች ገና ከሩቅ አዩኝ። አንዱ "ፋዘር፣ ከኋላ የነበረው ሰውዬ ወድቋል!" አለኝ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሁለተኛው ቡድን ያንኑ ቀልድ ሲደግመው ግን አልሳቅሁም።

ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን አስፋልት ይዤ ስወርድ ከተማው ቀስ በቀስ ከኋላ ይቀራል። መጋዘኖች ይመጣሉ፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ክፍት አገር። መንገዱ ወደ አዋሽ ያዘነብላል፤ አልፎ አልፎ ጉብታ አለው እንጂ ከባድ ዳገት የለውም። ጭንቁ ገልባጭ መኪናው ነው። አሸዋ ለመጫን ባዶውን ሲበር፣ ነፋሱ ብቻ ብስክሌቷን ወደ ዳር ይገፋታል።

ባለ ሁለት መቀመጫ ብስክሌት ብቻውን ለሚነዳ አልተሠራም። ኋላዋ ቀልሎ እያንዳንዱ ስንጥቅ ላይ ትዘላለች። ሁለቱ ፔዳሎች በካቴና የተያያዙ ስለሆኑ እኔ በመታሁ ቁጥር የኋላው ባዶውን ይዞራል። ድምፁን ላለመስማት ሞከርኩ። አልሆነልኝም።

ከተሾመ ጋር ስንሄድ አፌ አያርፍም ነበር። ጉድጓድ፣ ጉብታ፣ ላም ገባች እላለሁ፤ ይህ ለደኅንነታችን ነው። ሌላውን ግን የሚያስለፈልፈኝ እሱ ነው። ጤፍ እያጨዱ ነው ስለው ስንት ናቸው ይላል። ስድስት ስለው ወደ ኋላ የቀረው የትኛው ነው ይላል። ለቀለም ግድ የለውም፤ ሰዎቹ ምን እያደረጉ እንደሆነ ነው የሚፈልገው። አንዳንዴ ያደክመኝ ነበር። እባክህ ትንሽ ዝም እንበል ያልኩበት ቀንም አለ።

አሁን ዝም ብያለሁ። አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ላይ ቆሜ ሻይ በአሥራ አምስት ብር፣ ፓስቲ በሃያ ብር አዘዝኩ። ሻዩን እየጠጣሁ ማታ ለተሾመ የምነግረውን ላሰባስብ ብዬ ያለፍኩትን መንገድ በሐሳቤ ወደ ኋላ ሄድኩበት። ምንም የለም። የአስፋልቱን ጠርዝና የፊቱን ጎማ ብቻ ነው የማስታውሰው። ያንን ሁሉ አገር አልፌ አንድም ሰው አላየሁም። ደነገጥሁ፤ ለመመለስም አሰብኩ፤ ግን ሒሳቤን ከፍዬ ወደፊት ቀጠልኩ።

ኦቦ ቱፋ

ሜዳው ከሚጀምርበት ስፍራ፣ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ቦቲ ጫማቸውን ተጫምተው፣ ዱላቸውን ይዘው ከመንገዱ ዳር ቆመዋል። ሚኒባስ ሲያዩ ዱላቸውን ያነሳሉ፤ ሚኒባሱ ግን ሞልቶ ያልፋል። እኔን ሲያዩም አነሱት። ቆምኩ።

"አካም ጅርታ?" አሉኝ።

"ነጋ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወዴት ነዎት?"

ቱፋ እባላለሁ አሉኝ፤ እኔም ኦቦ ቱፋ አልኳቸው። በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ሊያስታርቁ ወደ ወንዙ መውረዳቸው ነው፤ ሰዎቹ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ይጠብቋቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ አርፍደዋል። ወሬያቸውን ሳይጨርሱ የኋላውን ወንበር በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው እንደ በቅሎ ወጡበት። ፈቃዴን አልጠየቁም፤ ወንበር ባዶ ከሆነ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል?

ገና ስንነሳ ፔዳሉ ዞሮ ቅልጥማቸውን መታቸው። ልውረድ ይላሉ ብዬ ስፈራ አቁም አሉኝ። ዱላቸውን በሁለቱ ወንበሮች መሐል ባለው ብረት ላይ አጋደሙትና ከኪሳቸው ሲባጎ አውጥተው ጥፍር አድርገው አሰሩት። ከዚያ ቦቲያቸውን ከዱላው ጫፍና ጫፍ ላይ አሳርፈው ተደላደሉ። ፔዳሉ ከሥራቸው ባዶውን ይዞራል፤ እሳቸው ምን ገዷቸው።

ሜዳ ላይ ሁለት ሰው መጎተት ያን ያህል አይከብድም። እንዲያውም መንታ ኋላዋ ሰው ሲያገኝ መዝለሏን ተወች። ኦቦ ቱፋ ወሬያቸው አያልቅም። አዋሽ በክረምት እስከየት እንደሚወጣ ጣታቸውን በጎኔ አሳልፈው ያሳዩኛል፣ የማን ጤፍ እንደተኛ፣ የማን ሽምብራ እንደቀናው ይነግሩኛል። አያታቸው እዚህ ወንዝ ውስጥ ጉማሬ አይተዋል። እኔም ሳላስበው ለፈለፍኩ፤ ጉድጓድ፣ ላም፣ በግራ በኩል አጫጆች። ሰባት ነበሩ። ወደ ኋላ የቀረችው ጎንበስ ብላ የምታነክስ ሴት ናት፤ ነዶ የሚያስረው ሰው እየተመለሰ ያግዛት ነበር።

ድልድዩ ከመድረሱ በፊት ወረዱ። ሲባጎውን እየፈቱ፣ የወንበሩ ባለቤት ሞተ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልሞተም፣ ታሞ ነው፣ ፔዳል መምታት አይችልም አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

"እኔስ መች መታሁ?" አሉ። "አውርቼህ አይደል የመጣሁት?"

ገለቶሚ ብለው አመስግነውኝ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ዛፉ ሄዱ።

መልካ ቁንጡሬ

ሙዚየሙ ከወንዙ አጠገብ ያሉ ክብ ክብ ጎጆዎች ናቸው። አስጎብኚዋ ወጣት መንታን አይታ ትኬት ሁለት ነው ወይ አለችኝ። አንድ አልኳት። ጎጆዎቹ ውስጥ የጥንት ሰዎች ጠርበው የተጠቀሙባቸው ድንጋዮችና የአራዊት አጥንት በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል። ዘመኑ ከአእምሮ በላይ ነው። ሰዎቹ እዚህ የሰፈሩት ውሃውንና ለስለት የሚሆነውን ጥቁር ባልጩት ብለው እንደሆነ አስረዳችኝ።

ከተሾመ ጋር ስንመጣ በእጁ እንዲያያት የሚሰጡት አንዲት ድንጋይ ነበረች። እሷን ልያዛት አልኩና ዓይኔን ጨፍኜ ዳበስኳት። አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አላት። ያንን ቦታ ተሾመ ነግሮኝ ያውቃል፤ እኔ ስንት ጊዜ አይቻት አላገኘሁትም ነበር።

ወንዙ ዳር ወርጄ የያዝኩትን ዳቦ በላሁ። አዋሽ ኅዳር ላይ ረግቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ሳይቸኩል ይሄዳል። ውሃው ቀንሷል፣ ከወዲያ ማዶ ሁለት አህዮች ይጠጣሉ፣ አንዷ ጀሪካኗን ሳይፈቱላት ነው እያልኩ ጮክ ብዬ አወራ ኖሯል። አጠገቤ ልብስ የሚያጥብ ወጣት ሳሙና የያዘ እጁን አቁሞ ትክ ብሎ አየኝ። አፈርኩና ዝም አልኩ። ዝም ስል ወንዙ ራሱ የሸሸኝ መሰለኝ።

መልስ

መሄጃው ቁልቁለት የሆነ መንገድ መመለሻው ያው ዳገት ነው። ጉብታዎቹን ወርጄ እየገፋኋት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰበታ ደረስኩ። ተሾመ የካቴናዋን ድምፅ ሰምቶ ከማንኳኳቴ በፊት በሩን ከፈተ። ውሃ ሰጠኝና ተናገር አለኝ።

ስለ ኦቦ ቱፋ፣ ስለ ዱላውና ስለ ሲባጎው ነገርኩት። ስለምታነክሰው ሴትና ጀሪካን ስለተሸከመችው አህያ ነገርኩት። ከዚያ በፊት ስላለው መንገድ ጠየቀኝ።

"አላየሁትም" አልኩት። "ልጭንህ ብዬ አይደለም ተሹ። ያላንተ ስሄድ ምንም አይታየኝም። የቸገረኝ እኔ ነኝ።"

ዕድሜዬን ሙሉ ለእሱ ዓይን የሆንኩለት ይመስለኝ እንደነበር፣ የሚያሳየኝ ግን የእሱ ጥያቄ እንደሆነ ልጨምርለት ስል እሱ ተነሳ። መንታን ወደ ጓዳው ወስዶ ግድግዳው ላይ አስደገፋትና፣ ታክሲ እንዳያልቅብህ ሂድ አለኝ።

ቡራዩ ቤቴ ስገባ ሻይ ጣድኩና ሁለት ብርጭቆ አወጣሁ፤ አንዱን መልሼ አስቀመጥሁት። ብቻዬን መሄድ እችል እንደሆነ ላውቅ ነበር የወጣሁት፤ አወቅሁ። እግሬ ይችላል። እኔ ግን አልችልም።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ተሾመ ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

"ነጩን ዱላዬን መንታ ላይ አጋድሜ ለካሁት" አለኝ። "በሁለቱም በኩል ለእግር የሚበቃ ይተርፋል። ዳገት ሲመጣ ወርደን በእግራችን እንሄዳለን። ማክሰኞ ስትመጣ ሲባጎ ይዘህ ና።"