ውሃ የጠማው ይወድቃል

እኔ ከብት የማይ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ከፊደል አልፎ ዳዊት ሳይደርስ የቀረ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ በሬ ነው። ከኮላ ድባ ተነስቼ ጎንደር ከገባሁ ጀምሮ ዕድሜዬ ያለቀው ከብት ተራ ነው። ሻጭና ገዥ ሲጨቃጨቁ መሀል እገባለሁ፣ ጥርሱን አያለሁ፣ ቆዳውን እቆነጥጣለሁ፣ «ይሄ ያርሳል፣ ይሄ ለቢላ ነው» እላለሁ። ይህን የምናገረው ልመካበት ብዬ አይደለም። በኋላ የመጣብኝን ጣጣ ለማውራት ሌላ መነሻ የለኝም።

ቤቴ ከፒያሳ ቁልቁል ነው። ከአጥሬ ጋር ተጣብቆ አንድ ሻይ ቤት አለ። ዲሽ የሚሉት የመጣ ጊዜ ባለቤቱ እንደ ሰፌድ የሰፋ ነገር ጣራው ላይ ሰቀለና ትልቅ ቴሌቪዥን አስገባ። መጀመሪያ ኳስ ነበር፤ የኳሱን ጩኸት ለመድኩት። ቀጥሎ ግን ያ ጉድ መጣ። ሁለት ሰው በሽቦ የታጠረ በረት ውስጥ ይገባሉ። ቡጢ አለ፣ እርግጫ አለ፣ ትግል አለ፣ አንገት ማነቅም አለ። ጎረምሶቹ «ፋይት» ይሉታል። አሜሪካ ቅዳሜ ማታ ሲሆን እኛ ዘንድ እሁድ ይነጋል፤ ስለዚህ እኔ ከቅዳሴ ስመለስ እነሱ ከፋይት ይወጣሉ። ሁልጊዜ ደጃፌ ላይ እንጋጫለን።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ውዬ ደክሞኝ ስመለስ፣ ሻይ ልጠጣ ብዬ አረፍ አልኩ። ቴሌቪዥኑ በማግስቱ የሚጋጠሙትን ሁለት ሰዎች ሚዛን ላይ ሲወጡ ያሳያል። በቁምጣ ብቻ ናቸው። ጎረምሶቹ ማን ያሸንፋል እያሉ ይጯጯሃሉ። አብዛኛው የሚያወድሰው ረጅሙን፣ ክንዱ እንደ ገመድ የተፈተለውን ነው። እኔ ዓይኑን አየሁት፤ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቆዳው ጎድኑ ላይ ተጣብቋል።

«ይሄ ውሃ ጠምቶታል» አልኩ።

«የቱ አያ?»

«የምታወድሱት። ነገ ይወድቃል።»

ሳቁብኝ። ከሁሉ አፈኛ የሆነ አንድ ባጃጅ ነጂ አለ፤ «አያ፣ ይሄ እኮ በሬ አይደለም!» አለኝ።

«በሬማ ቢሆን ለጠላቴም አላስገዛው።»

«እሱ ከወደቀማ እኔ ራሴን እላጫለሁ!»

በማግስቱ ከቅዳሴ ስመለስ ባጃጅ ነጂው ራሱን እንደ ቅል ተላጭቶ ደጃፌ ቆሟል። ያ ረጅም በሁለተኛው ዙር ጉልበቱ ከድቶት ተዘረረ አሉ።

በኋላ እንደ ነገሩኝ፣ ለካስ እነዚህ ሰዎች ክብደታቸው ከልኩ እንዳያልፍ ብለው ከሚዛኑ በፊት ውሃ ይከለከላሉ። እኛ ዘንድ ተንኮሉ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሻጩ በሬውን ጨው ያልሰውና ጠዋት ውሃ ይግተዋል፣ ሆዱ ተነፍቶ የጠገበ እንዲመስል። የተጠማውንም ያለቅጥ የጠጣውንም የሚያጋልጠው ዓይኑ ነው። እንግዲህ የኔ ጥበብ ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ከብት ተራ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እዚያው ላይ አፌን ብይዝ ሸጋ ነበር። አልያዝኩም። ሌላም ቅዳሜ ጠየቁኝ፣ ተናገርኩ፣ ሆነ። ደግሞ ጠየቁኝ፣ ተናገርኩ፣ ሆነ። ባለ ሻይ ቤቱ በቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ወንበር አዘጋጀልኝ፤ ትራስም አደረገበት። እውነቱን ልናገር፣ ትራሱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰላም አጣሁ። ገበያ ስሄድ ባጃጅ ይቆማል፤ «አያ፣ የዛሬ ሳምንቱስ?» ከማላውቀው ሰፈር ድረስ ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ በጣት የምታክል ምስል ዓይኔ ሥር ይደቅናሉ። «ይህቺን ይዩልኝ አያ፣ ጠምቶታል ወይ?» እኔ እንኳን በስልክ ያለ ሰው፣ የራሴን ጫማ ያለ መነጽር አላይም። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ድንኳን ተቀምጫለሁ። የሟች ወንድም፣ ዓይኑ በእንባ ያበጠ፣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ላጽናናው እጁን ያዝኩ። ጎንበስ አለና በጆሮዬ፦

«አያ፣ ቀዩ ነው ሰማያዊው?»

የጓንታቸውን ቀለም መጠየቁ ነው። በወንድሙ ለቅሶ!

ከዚህ በላይ መናደድ የለም ብዬ ሳስብ የባሰው መጣ። ባለቤቴ ከወፍጮ ቤት ተመልሳ፣ ዱቄቱን መሬት ላይ ዘፍ አድርጋ፣ እንደ ወትሮው ሳትጣራ ፊቴ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቴን አፈረስከው።»

«ምነው?»

«ምነው ይለኛል! ጠንቋይ አግብተሽ ኖረሻል ወይ እያሉኝ ነው። ሴቱ ሁሉ አፉን ይዞ ነው የሚያየኝ።»

«ጠንቋይ? እኔ?»

«ሳይሆን በፊት ያውቃል፣ ተደብቆ የሚያናግረው አለው ብለዋል። ሙሴውም፣ እንዲህ ከሆነማ ከጠንቋይ ቤት ጽዋ አልጠጣም ብሏል።»

ሙሴው የማኅበራችን አለቃ ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ቃሉን የማያጥፍ ሰው። ማኅበራችን የማርያም ነው፤ በየወሩ ሃያ አንድ አንዱ ቤት ተሰብስበን ጽዋ እንጠጣለን። የሚቀጥለው ተራ የኛ ነው። ጌሾው ተወቅጧል፣ ብቅሉ ተፈጭቷል። አንድያ ልጃችን የሞተች ጊዜ ያቀፉን፣ አርባዋን ያወጡልን እነዚህ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለባለቤቴ ዘመዷም ልጇም ማኅበሩ ነው። እነሱ በተራችን ቀን ከቀሩ፣ ዳቦዋን ቆርሳ ባዶ ቤት ውስጥ ከኔ ጋር ብቻ ልትቀመጥ ነው። ዱቄቱን አንስታ ገባች። ስታለቅስ ሰማኋት።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ግን «ልጄ» ይሉኛል፤ ወጉ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዓይኑን፣ ከንፈሩን፣ ቆዳውን። እሳቸውም የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

«እኔ አምንሃለሁ» አሉ። «ጥንቆላ አይደለም። ግን እኔ ባምንህ የሰው አፍ ይዘጋል? ተወው። ሲጠይቁህ አትመልስ።»

«አልመልስም አባ።»

አልመለስኩም። ቅዳሜ ሻይ ቤት ሳልገባ በደጁ አለፍኩ። ጠሩኝ፤ ዝም። ተከተሉኝ፤ ዝም። ነስሮኝ ስለነበር ደጃፌ ላይ ቆም ብዬ አፍንጫዬን በቀኝ እጄ ያዝ አደረግሁ። እሁድ ስመለስ ሻይ ቤቱ በእልልታ ተናውጧል።

«ምን ሆናችሁ?»

«አያ፣ በቀኝ በኩል የቆመው እኮ አሸነፈ! አፍንጫውን ሰብሮት!»

ዝምታዬም ትንቢት ሆነ! ከዚያ በኋላ ማሳከክ አልቻልኩም። ሁለቴ ካሳለኝ በሁለተኛው ዙር ነው ይላሉ። ዱላዬን ወደ ግራ ካዞርኩ ግራው ነው። አንድ ጊዜማ ከነጋ ጀምሮ እስኪመሽ ቤቴ ተዘግቼ ዋልኩ፤ «አያ በሩን ዘግተዋል፣ ስለዚህ ፋይቱ ሳያልቅ ዳኛው ይዘጋዋል» አሉ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ዳኛው ዘጋው።

ለባለቤቴ፣ «ሆን ብዬ የሚወድቀውን ያሸንፋል ልበላቸው ወይ?» አልኳት።

«አንተ ውሸት ታውቃለህ እንዴ? ፊትህ ላይ ያነቡታል።»

እውነቷን ነው። በከብት ተራ አንድ ጊዜ የዋሸ ደላላ፣ ሁለተኛ የሚሰማው የለም፤ ስለዚህ አልለመደኝም።

ትንሽ ዱቄቷን ስትነፋ ቆየችና፣ «እንግዲያውስ ሳታይ ተናገር» አለች። «አይተህ ነው የምታውቀው ብለሃል። ሳታይ ከተናገርክ ውሸትም አይሆን፣ እውቀትም አይሆን፤ ስትስት ይተዉሃል። ማርያም ታውቅልሃለች።»

የተራችን ቀን ሊደርስ የቀረው አንድ ቅዳሜ ነበር። ከገበያ በጓሮ በኩል ዞሬ ገባሁና ቤት ተቀመጥኩ። ባጃጅ ነጂው በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

«አያ፣ ለዛሬ ብቻ! ትልቁ ፋይት ነው!»

«ማንና ማን ናቸው?»

መመለሴ አስደንግጦት ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሁለቱን ስም ጠራልኝ። አንደኛው አጭር ስም ነው፣ ሁለተኛው ምላስ የሚያስር። እኔም ለመጥራት የቀለለኝን፣ አጭሩን ስም አልኩ።

«አላየኋቸውም» አልኩት ደግሞ። «ስማ፣ አላየኋቸውም!»

«አላየሁም ይላሉ!» ብሎ ወደ ሻይ ቤቱ ሮጠ። «ሳያዩም ያውቃሉ!»

ስድስት ሰው «አያ ከሳቱ» ብሎ ራሱን ሊላጭ ማለ። ሙሴውም ወሬው ደርሶት፣ «እስቲ ይታይ» ብሏል አሉ። ሳያይ ካወቀማ በእውነትም ጠንቋይ ነው ማለቱ ነው። ባለቤቴን አየኋት፣ አየችኝ። ጥሩ ሐሳብ ያልነው ነገር ገመዱን አንገታችን ላይ አጠበቀው።

እሁድ ቅዳሴ ውስጥ ቆሜ ልቤ ከዚያ ሽቦ በረት ውስጥ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ወንጌሉ ሲነበብ «ያን ባለ አጭር ስም ጣለው» እያልኩ ነበር። የማላውቀው ሰው፤ የእናት ልጅ።

ስመለስ ሻይ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ባጃጅ ነጂው በረንዳው ላይ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል።

«አያ፣ ምነው እንዲህ ጉድ ሠሩን?»

«ተሳሳትኩ?»

«ተሳሳትኩ ይላሉ! በመጀመሪያው ዙር እኮ ነው የተነጠፈው!»

ከአጥሬ ጀርባ እልልታ ተሰማ። ባለቤቴ ናት። ባልሽ ተሳሳተ ተብላ እልል ያለች ሴት በጎንደር እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

«ድሮም የበሬ ደላላ!» አለ አንዱ ከውስጥ።

«ጡረታ ይውጡ አያ» አለ ሌላው። ትራሱን ከወንበሩ ላይ አንስተውታል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ላልፍ ስል ቴሌቪዥኑ የቅዳሜውን ሚዛን መልሶ ያሳያል። ባለ አጭር ስሙን አየሁት። ዓይኑ ጉድጓድ ገብቷል፣ ከንፈሩ አመድ ለብሷል፣ ከሚዛኑ ሲወርድ ሰው ደግፎታል። ይሄን ሕፃን እንኳ ያየዋል! ቅዳሜ አንዴ ብቻ ቀና ብዬ ባየው፣ ሌላኛው ነው እላቸው ነበር። «የበሬ ደላላ» የሚለው ጆሮዬ ላይ እየጮኸ፣ ምላሴን ነክሼ ቤቴ ገባሁ።

ሃያ አንድ ዕለት ሁሉም መጣ፤ አንድ ሰው አልቀረም። ሙሴው ቀድሞ ገባ፤ የባለቤቴን ጉንጭ ሳመ። ጸሎት ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። ባለቤቴ ከምግቡ ይልቅ ሰዎቹን እያየች ትጠግብ ነበር። እኔም እፎይ ብዬ ግድግዳውን ተደግፌአለሁ።

ሙሴው ሁለተኛውን ጠላ እንደጨረሰ ወደኔ ዘንበል አለ።

«ለመሆኑ» አለ፣ «አይተኸው ቢሆን ኖሮ ማንን ትል ነበር?»

ብርሌውም ዋንጫውም ባለበት ቆመ። ንስሐ አባቴ ዳቧቸው ላይ አቀረቀሩ። ባለቤቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች መሀል ቤት ቆማ አፌን ታያለች። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ዓይኑን፣ ከንፈሩን፣ የተደገፈበትን ሁሉ ልዘረግፈው ደርሻለሁ። አፌን ከፈትኩ።

«እንጃ» አልኩ። «ሰው እንደ በሬ አይታይም። አላውቀውም ነበር።»

«እንዲያ ነው?» አለ ሙሴው። ቅር ያለው መሰለኝ። «እኔስ ታውቀው ነበር ብዬ ነበር።»

ባለቤቴ ዋንጫውን እስኪፈስ ሞላችለት።

ሰው ሁሉ ተመርቆ ሲወጣ ንስሐ አባቴ ወደ ኋላ ቀሩና እጄን ያዙኝ። «ነገ ጠዋት ብቅ በል ልጄ። የምትነግረኝ ያለህ ይመስለኛል» አሉኝ።

ሄጄ ነገርኳቸው፤ በጽዋው ፊት መዋሸቴን። ሃምሳ ስግደት አዘዙኝ፤ ጉልበቴ ምን እንደሆነ እያወቁ። እያነከስኩ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ሃምሳ ብቻ?» አለች፣ ዋንጫዎቹን እያጠበች። «ርካሽ ነው። ተነስና ጀምር።»